የመለስኩት ጋቢ

ሐዋሳ ታኅሣሥ ገብቷል። ቀን ቀን ፀሐዩ ያቃጥላል፣ አመሻሽ ላይ ግን ከሐይቁ የሚነሳው ንፋስ አጥንት ድረስ ይገባል። ፍቅር ሐይቅ ዳር የሚቀመጡ ጥንዶች አንድ ጋቢ ለሁለት ደርበው ፀሐይዋ ውሃው ውስጥ ስትጠልቅ ያያሉ። እኔ ደግሞ በየዓመቱ በዚህ ሰሞን አንድ ዘፈን ጆሮዬ ላይ አድርጌ ከገብርኤል ተነስቼ እስከ ሐይቁ በእግሬ እሄዳለሁ። ባጃጅ አልይዝም። እስክደርስ ድረስ ዘፈኑን ደጋግሜ እሰማዋለሁ።

ዘፈኑ የአሜሪካዊቷ ዘፋኝ የቴይለር ስዊፍት «ባክ ቱ ዲሴምበር» ነው። ወደ ዲሴምበር እመለሳለሁ እንደማለት። የፈረንጆቹ ዲሴምበር ኅዳር 22 አካባቢ ገብቶ ታኅሣሥ 22 አካባቢ ያልቃል፣ ስለዚህ የሷ ዲሴምበር አብዛኛው የኛ ታኅሣሥ ነው። መሐሉ ላይ ደግሞ የታኅሣሥ ገብርኤል አለ፣ ታኅሣሥ 19፣ ከተማችን በሰው የምትጥለቀለቅበት ቀን። ዘፈኑን መጀመሪያ ስሰማ ይሄን ሁሉ አላሰብኩም። በኋላ ነው ቀኖቹ እንደዚህ አንድ ላይ የገጠሙብኝ።

ስለዚህ ዘፈን ልጽፍ ካሰብኩ ዓመታት ሆነኝ። የምናገረው ነገር የራሴ ጥፋት ስለሆነ ነው የዘገየሁት።

መጀመሪያ ስለሷ ትንሽ ልበል። ቴይለር ስዊፍት የተወለደችው እ.ኤ.አ. በ1989 ፔንሲልቬንያ ውስጥ ነው። ካንትሪ መዝፈን ስለፈለገች 14 ዓመቷ አካባቢ ቤተሰቦቿ ጓዛቸውን ጠቅልለው ቴነሲ ገቡ፣ ከናሽቪል አጠገብ ያለች ሄንደርሰንቪል የምትባል ከተማ። ናሽቪል የካንትሪ ሙዚቃ መዲና ናት፣ የግጥምና ዜማ ደራሲዎች ሁሉ የሚሰበሰቡባት። የመጀመሪያ አልበሟ በ2006 ሲወጣ 16 ዓመቷ ነበር። በ2010 መጀመሪያ ላይ ሁለተኛ አልበሟ በግራሚ የዓመቱ ምርጥ አልበም ተባለ፣ ያኔ 20 ዓመቷ ነው። እዚያው ዓመት ውስጥ፣ በኛ ጥቅምት 15 ቀን 2003 ዓ.ም.፣ ሦስተኛው «ስፒክ ናው» ወጣ። በመጀመሪያው ሳምንት አሜሪካ ውስጥ ብቻ ከ1 ሚሊዮን ቅጂ በላይ ተሸጠ።

የዚያ አልበም ነገር ይገርመኛል። ከዚያ በፊት ከሌሎች ደራሲዎች ጋር ነበር ብዙዎቹን ዘፈኖች የምትጽፈው፣ እና ሰዎች ልጅቷ ራሷ አይደለችም የምትጽፈው ማለት ጀምረው ነበር። በ«ስፒክ ናው» 14ቱንም ዘፈኖች ብቻዋን ጻፈቻቸው። አንድም ሰው አላስገባችም። «ባክ ቱ ዲሴምበር»ም ከነዚህ አንዱ ነው። ኅዳር 2003 ላይ ለብቻው ነጠላ ዘፈን ሆኖ ወጣ፣ ቢልቦርድ ሆት 100 በሚባለው የአሜሪካ የዘፈኖች ደረጃ ላይ 6ኛ ድረስ ደረሰ።

ግን ደረጃው አይደለም ዋናው። ዋናው ይሄ ነው፦ ይቅርታ የምትጠይቀው እሷ ናት። ያኔ ራሷ እንደተናገረችው በዘፈን ሰው ይቅርታ ስትጠይቅ ይሄ የመጀመሪያዋ ነበር። እስከዚያ ድረስ የምትታወቀው ልቧን የሰበሩትን ልጆች በዘፈን በመክሰስ ነበር፤ አንዳንዴ ስማቸውን ሁሉ ታነሳ ነበር። እዚህ ላይ ግን ጣቷን ወደ ራሷ አዞረች። በ20 ዓመቷ። እኔ በ20 ዓመቴ «ይቅርታ» የምትለውን ቃል ለእናቴም ለመናገር ይተናነቀኝ ነበር።

ታሪኩ ቀላል ነው። ሁለት የተለያዩ ሰዎች ይገናኛሉ። እሱ ጊዜ ሰጥቶ መጥቷል። እሷ ቤተሰቦቹን ትጠይቃለች፣ ስለ ሥራ ያወራሉ፣ ስለ አየሩ ያወራሉ። እሱ ግን ራሱን ጠብቆ ነው የተቀመጠው፣ ልቡን አልከፈተም፣ እሷም ለምን እንደሆነ ታውቃለች። ለመጨረሻ ጊዜ ሲተያዩ ጽጌረዳ ሰጥቷት ነበር፣ እሷ ደግሞ እንደተቀመጠ እንዲደርቅ ተወችው። ከዚያ ነው ኩራቷን ውጣ «የዚያን ሌሊት ነገር ይቅር በለኝ» የምትለው። ነፃ እወጣለሁ ብላ ነበር የተለየችው፣ ነፃነቱ ግን ናፍቆት ብቻ ሆኖ አገኘችው። ልደቱ አልፎ እንዳልደወለች ታስታውሳለች። መስከረም ላይ አንድ ምሽት ስታለቅስ እንዴት እንዳቀፋት ታስታውሳለች፣ ሲያያት ስታለቅስ ያ የመጀመሪያው ነበር። መጨረሻ ላይ ደግሞ የምትለው ነገር አለ፣ እኔን ሁሌ የሚገድለኝ እሱ ነው፦ በርህ ላይ ሰንሰለት ካለ ይገባኛል ትለዋለች። አታንኳኳም። አትለምንም። ይገባኛል ብቻ።

ዜማውም እንደዚያው ነው። ሲጀምር ቀስ ያለ ነው፣ ድምጿ ቅርብ ነው፣ አጠገባችሁ ቁጭ ብላ የምታወራ ይመስላል። ከዚያ ቫዮሊኖቹና ሌሎቹ ባለ ክሮች ከሥር እየተነሱ ይመጣሉ። ያንን የክር ክፍል ያቀናበረው ፖል በክማስተር ነው፣ ለኤልተን ጆን ያቀናበረው እንግሊዛዊ። ከሷ ጋር ፕሮዲዩስ ያደረገው ደግሞ ናታን ቻፕማን። ክሮቹ ሲያድጉ እሷ አትጮህም። ብዙ ዘፋኝ እዚያ ጋ ድምፁን ያወጣ ነበር። እሷ ግን አፍራ እንደምትናገር ሰው ናት፣ ሙዚቃው ነው ለሷ የሚያለቅስላት።

ካንትሪ ለኛ ሰው እንግዳ አይደለም። አባቴ እንግሊዝኛው እዚህ ግባ የሚባል አልነበረም፣ ግን የኬኒ ሮጀርስና የዶሊ ፓርተን ካሴት ነበረው፣ እሁድ ከሰዓት ቴፑን በረንዳ ላይ አውጥቶ ይሰማ ነበር። «እነዚህ ሰዎች ተረጋግተው ታሪክ ያወራሉ» ይል ነበር። ዶሊ ፓርተን ለዓመታት አብራው ከሠራችው ከፖርተር ዋጎነር ልትለይ ስትል የጻፈችው የስንብት ዘፈን አለ፣ እ.ኤ.አ. በ1974 የወጣ፣ በኋላ እ.ኤ.አ. በ1992 ዊትኒ ሂውስተን ዘፍናው ዓለም ሁሉ ያወቀው። አባቴ የዶሊን ነበር የሚወደው። ያ ዘፈን አይሳደብም፣ አይራገምም፣ እወድሃለሁ ደህና ሁን ብሎ ይወጣል። ቴይለርም የመጣችው ከዚያ ቤት ነው ብዬ አስባለሁ።

የኛ ትዝታ ደግሞ አለ። አምስት ኖታ፣ አንድ ክራር ወይ መሲንቆ፣ አንድ የቆሰለ ድምፅ። እኔ ትዝታን ከማንኛውም ሙዚቃ በላይ እወዳለሁ። ግን አንድ ነገር ልብ ብዬ አይቻለሁ። እኔ በሰማኋቸው ብዙዎቹ ትዝታዎች ውስጥ የለያየን ማን እንደሆነ በግልጽ አይነገርም። ዕድል ነው፣ ጊዜ ነው፣ አገር ነው፣ የሰው ዓይን ነው። ናፍቆቱ ሙሉ ነው፣ ጥፋተኛው ግን የለም። «ባክ ቱ ዲሴምበር» ላይ ጥፋተኛው አለ። እኔ ነኝ ትላለች፣ ያጠፋሁት ደግሞ ይሄንና ይሄን ነው ብላ አንድ በአንድ ትቆጥራለች። አበባው፣ ያልደወለችው ስልክ፣ ያቺ ሌሊት። ለኔ ትልቁ ነገር ይሄ ነው።

አሁን ወደ ራሴ ልምጣ።

እሱ ሠፈራችን አጠገብ ነበር የሚኖረው፣ እህቱ ደግሞ የክፍሌ ልጅ ናት። እንዲህ ነው የተዋወቅነው። እናቱ እንዝርት ከእጃቸው የማይጠፋ ሴት ነበሩ። በር ላይ ጥላ ፈልገው ይቀመጣሉ፣ ሰው ያናግራሉ፣ እጃቸው ግን አያርፍም። 2003 ታኅሣሥ ላይ ወባ ያዘኝ። የወባን ብርድ የሚያውቅ ያውቀዋል፣ ሦስት ብርድ ልብስ ለብሳችሁም ጥርስ ይንቀጫቀጫል። አንድ ማታ እሱ ጋቢ ይዞ መጣ። እናቱ ፈትለው ሸማኔ ጋ ያሠሩት አዲስ ጋቢ ነው፣ ገና የጥጡ ሽታ አልለቀቀውም። «ለልጅቷ አልብሳት ብላለች» አለኝ። ልጅቷ። ስሜን እያወቁ «ልጅቷ» ነበር የሚሉኝ፣ እንደ ልጃቸው።

ያንን ዘፈን የሰማሁትም በዚያው ሰሞን ነው። ያኔ ዘፈን የምናገኘው ሚሞሪ ካርድ ላይ እያስጫንን ነበር፣ ታናሽ ወንድሜ ፒያሳ ሄዶ በአንድ ቀን መቶ ምናምን ዘፈን አስጭኖ ይመጣል፣ መሐሉ ላይ ይሄ ነበረ። ጋቢውን ተከናንቤ አልጋ ላይ ሆኜ ሰማሁት። ቆንጆ ነው አልኩ። እንግሊዝኛውን ግማሽ በግማሽ ነበር የምሰማው። እያንጎራጎርኩት ኖርኩ፣ ምን እያልኩ እንደሆነ ሳላውቅ።

በዓመቱ አዲስ አበባ ሥራ አገኘሁ። እሱ ደስ አለው። እኔ ነኝ ደስ ያላለኝ፣ ወይም ደስታውና ፍርሃቱ ተምታታብኝ። እሱ ስለ ወደፊቱ ማውራት ጀምሮ ነበር፣ ትንሽ ቆይቼ እከተልሻለሁ፣ ቤት እንከራያለን፣ ሽማግሌ እንልካለን። እኔ ውስጤ የሆነ ነገር ተዘጋ። ሕይወቴ ገና ሳይጀመር ያለቀ መሰለኝ። ዘፈኑ ውስጥም ብርዱ ሲመጣ ፍርሃት አእምሮዋ ውስጥ ሾልኮ ገባ የምትለው ቦታ አለ፣ እሷ ጋ ያኔ ቀኑ አጭርና ጨለማ ነው፣ እኛ ጋ ደግሞ ታኅሣሥ ሰማዩ ጥርት ያለ ነው፣ አዝመራ የሚሰበሰብበት ወር ነው። ፍርሃት ግን የአየር ጠባይ አይጠብቅም፣ በጠራራ ፀሐይም ይገባል።

ታኅሣሥ 18 ቀን 2004፣ የገብርኤል ዋዜማ። ከተማው በእንግዳ ሞልቷል፣ ከየአቅጣጫው መኪና ይገባል። እሱ ማታ አብረን ቤተክርስቲያን እንሂድ ብሎኝ ነበር። እኔ ጋቢውን አጣጥፌ ጥቁር ፌስታል ውስጥ ከተትኩት። ራሴ አልወሰድኩትም። ጎረቤታችን ባጃጅ የሚነዳ ልጅ ነበረ፣ «እነሱ ቤት አድርስልኝ» ብዬ ሰጠሁት። ወረቀት እንኳን አልጻፍኩም። ስልኬን ዘጋሁ። ከበዓሉ በኋላ አዲስ አበባ ሄድኩ፣ ሲም ካርድ ቀየርኩ፣ አለቀ።

እሷ አበባውን ደርቆ እንዲቀር ተወችው። እኔ ደግሞ ሴትየዋ ክር በክር የፈተሉትን ጋቢ በፌስታል መለስኩ። አበባ ይደርቃል፣ ከሱ በኋላ ሌላ አበባ ይገዛል። ጋቢ ግን የወራት ሥራ ነው፣ ጋቢ የሚመልስ ሰው ምን እያለ እንደሆነ የማያውቅ አበሻ የለም።

2011 ግንቦት ላይ አዲስ አበባ ቢሮ ውስጥ እያለሁ ስልክ ተደወለልኝ። ከሐዋሳ ናት፣ ሌላ የድሮ የክፍሌ ልጅ፣ እህቱ አይደለችም። የሱ እናት አረፉ አለችኝ። እሁድ ነው ቀብሩ አለችኝ። ከአዲስ አበባ ሐዋሳ 275 ኪሎ ሜትር ነው። ጠዋት ብነሳ ከሰዓት እገባለሁ። ለቀብሩ ባልደርስ ለሰልስቱ እደርሳለሁ። ለሰልስቱ ባልደርስ በአርባቸው መሄድ እችል ነበር። አልሄድኩም። ምን ብዬ እገባለሁ አልኩ፣ ሰው ምን ይለኛል አልኩ፣ እሱ ሲያየኝ ይባስ ይከፋዋል አልኩ። ሁሉም ለራሴ ነበር።

ቴይለር ልደቱን ሳልደውል አሳለፍኩት ብላ ታዝናለች። እኛ ጋ ልደት ይቀራል፣ ሠርግም ይቀራል፣ ለቅሶ ግን አይቀርም። የተጣላ እንኳን ለቅሶ ይደርሳል። እንዲያውም ብዙ ጠብ የሚበርደው ለቅሶ ቤት ነው፣ ሁለቱም አንገታቸውን ደፍተው አንድ ድንኳን ውስጥ ሲቀመጡ። እኔ ያንን በር ራሴ ዘጋሁት።

2014 ላይ ሥራዬን ለውጬ ወደ ሐዋሳ ተመለስኩ። አንድ ቅዳሜ ጠዋት አሞራ ገደል አሳ ልገዛ ሄድኩ። አሳ አጥማጆቹ መረባቸውን እያራገፉ ነው፣ አባ ኮዳ የሚባሉት ትልልቅ ወፎች እንደ ሽማግሌ ዙሪያውን ቆመው አንጀት ይጠብቃሉ፣ አንዲት ትንሽ ልጅ ደግሞ እነሱን እያየች ትስቃለች። ልጅቷን አየሁ፣ ከዚያ እጇን የያዘውን ሰው አየሁ። እሱ ነው።

ሰላምታችን ረዘመ። የኛን ሰላምታ ታውቁታላችሁ። ደህና ነሽ፣ ደህና ነህ፣ እንዴት ነሽ፣ ቤተሰብ ደህና ነው፣ ወንድምሽ እንዴት ነው፣ አባትሽ ጤናቸው፣ ሥራ እንዴት ነው፣ ሙቀቱ አይጣል ነው። የዘፈኑን የመጀመሪያ ስንኞች ያኔ ነው የገባኝ። ስለ ሥራና ስለ አየር ማውራት ምን ማለት እንደሆነ። ሰላምታ መደበቂያ ይሆናል። ሰው አምስት ደቂቃ ሙሉ ሰላም እየተባባለ አንዲት ቃል ሳይነጋገር ሊለያይ ይችላል።

እኔ የሱን ቤተሰብ ስጠይቅ እናቱን ዘለልኳቸው። እንዴት ልጠይቅ። እሱ ራሱ አመጣው፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ «እናቴ እኮ አረፈች» አለኝ።

«ውይ! አልሰማሁም እኮ! በሞትኩት!» አልኩት።

ወጣ በቃ። ሳላስበው። ለዚህ የሚሆን ቃል አለን፣ ከልጅነታችን ጀምሮ ስንሰማው ያደግነው፣ «ሳልሰማ ቀርቼ ነው»። ለቅሶ ያልደረሰ ሰው ሁሉ ይለዋል። የሚሰማውም ሰው እውነት ይሁን አይሁን አይመረምርም፣ «ምንም አይደል» ይላል፣ ያልፋል። ደግ ባህል ነው፣ ያንን አልክድም፣ ሰው ከእፍረቱ እንዲወጣ በር ይከፍትለታል። ግን እኔ በዚያ በር የወጣሁት በእናቱ ሞት ላይ ዋሽቼ ነው። እሱ አየኝ፣ ረጅም ጊዜ። «ምንም አይደል» አለኝ። ልጁ እጁን ጎተተችው፣ ሄዱ። አሳውን ሳልገዛ ተመለስኩ።

ከዚያ በኋላ ዘፈኑን መስማት ተውኩ። አንድ ዓመት ተኩል ገደማ አልከፈትኩትም።

ሰኔ 30 ቀን 2015 ቴይለር ስዊፍት «ስፒክ ናው»ን እንደገና ቀድታ አወጣችው። ምክንያቱን ብዙ ሰው ያውቀዋል፣ የመጀመሪያዎቹ ስድስት አልበሞቿ ባለቤትነት ከድሮ ኩባንያዋ ጋር እ.ኤ.አ. በ2019 ለሌላ ሰው ስለተሸጠ ነው አንድ በአንድ እንደ አዲስ መቅዳት የጀመረችው። እኔ ግን ስለ ንግዱ አይደለም። የሰማሁት ድምፁን ነው። በ20 ዓመቷ የዘፈነችውን ይቅርታ በ32 ዓመቷ ደገመችው፣ ቃል ሳትቀይር። የመጀመሪያው ላይ ድምፅዋ ቀጭን ነው፣ ይቅርታ ብትል ይመለስላት ይሆናል የሚል ተስፋ ያለበት ድምፅ ነው። የሁለተኛው ሞላ ያለ ነው፣ የተረጋጋ ነው። አሁን እንዲመለስላት አትፈልግም፣ ሁለቱም የራሳቸው ሕይወት አላቸው። ይቅርታው ግን አሁንም ይቅርታ ነው። ምንም ሳይፈለግበት ራሱን ችሎ ቆሟል።

ያን ቀን ሐይቁ ዳር ቁጭ ብዬ ደጋግሜ ሰማሁት፣ ጨለመብኝ። እኔ ይቅርታ ማለት የፈራሁት ይቅርታ ማለት መመለስ ስለሚመስለኝ ነበር። ትዳር አለው፣ ልጅ አለው፣ ምን አስበሽ ነው ይሉኛል ብዬ። ለካ የሚጠየቀው ለመመለስ አይደለም።

ባገራችን ለይቅርታ ሥርዓት አለው። በድሮ ጊዜ የበደለ ሰው ድንጋይ ማጅራቱ ላይ ተሸክሞ ከተበደለው ፊት ይወድቅ ነበር፣ «ተነስ፣ ይቅር ለእግዚአብሔር» እስኪባል ድረስ። እዚህ ሲዳማ ውስጥ ደግሞ ፊቼ ጨምባላላ ሲደርስ የተጣላ ሰው ይታረቃል፣ ቂም ይዞ አዲስ ዓመት አይገባም፣ ከዚያ ነው እዚህ ሐዋሳ ጉዱማሌ ላይ በዓሉ የሚደምቀው። ዩኔስኮ በ2015 እ.ኤ.አ. ሲመዘግበው ይሄም እርቁ አብሮ ነው። ባልና ሚስት ሲጣሉ ሽማግሌ አለ፣ ጎረቤት ሲጣላ ዕድር አለ። ሳይጋቡ ለተለያዩ ሁለት ወጣቶች ግን ማን ይቀመጣል? ማንም። ድንጋዩን ብቻህን ነው ይዘህ የምትዞረው። እሷ ዘፈን አደረገችው። እኔ ዘፋኝ አይደለሁም።

ታኅሣሥ 2016 ላይ፣ ከገብርኤል በኋላ ባለው እሁድ፣ ቡናና ስኳር ይዤ እናቱ ቤት ሄድኩ። አሁን እህቱ ናት ከልጆቿ ጋር የምትኖርበት። የቆርቆሮ በሩ ያው የድሮው ነው። እጄን አንስቼ ብዙ ቆምኩ። ሰንሰለት ካለ ይገባኛል የምትለው ነገር ነው በጭንቅላቴ የመጣው። አንኳኳሁ።

እህቱ ከፈተችልኝ። መጀመሪያ ዝም አለች። ከዚያ «ግቢ እንጂ፣ ምን በር ላይ ያቆምሻል» አለች። ሳሎኑ ግድግዳ ላይ የእናቱ ፎቶ አለ፣ ነጭ ነጠላ ለብሰው። ፎቶውን ሳይ ያዘጋጀሁት ንግግር ሁሉ ጠፋኝ፣ አለቀስኩ። እህቱም አለቀሰች። ወንድሟ እንዲመጣ እፈልጋለሁ፣ የምነግራችሁ ነገር አለ አልኳት። ደወለችለት። ቡናውን መቁላት ጀመረች።

መጣ። ወንበር ስቦ ፊት ለፊቴ ተቀመጠ።

«ሰምቼ ነበር» አልኩት። «እናትህ ያረፉ ቀን ተደውሎልኛል። አሞራ ገደል ላይ አልሰማሁም ያልኩህ ውሸት ነው። ፈርቼ ነው የቀረሁት። ጋቢውንም በባጃጅ የላክሁት ፈርቼ ነው። አንተ ምንም አላደረግክም፣ እሳቸውም ምንም አላደረጉኝም። ይቅርታ አድርጉልኝ።»

ሌላ ነገር አልጨመርኩም። መጨመር ፈልጌ ነበር፣ ልጅ ነበርኩ ልል፣ አላወቅኩም ነበር ልል። ዘፈኑ ውስጥ እንደዚያ የሚል ነገር የለም፣ ስለዚህ ዝም አልኩ።

እሱ ለረጅም ጊዜ ወለሉን አየ። «አውቄ ነበር» አለኝ። «ያን ቀን ፊትሽ ይናገር ነበር። እዚያው ቆሜ የምትይውን ልጠብቅ አስቤ ነበር፣ ልጄ ናት ያስቸገረችኝ።» ከዚያ «ስለ ጋቢው እናቴ አዝና ነበር፣ አልዋሽሽም» አለ። «ስለኔ አይደለም። የሆነ ነገር አጥፍቼባት ይሆን እያለች ነበር።»

ይሄንን መስማት ከሁሉም ከበደኝ። ሴትየዋ ራሳቸው ጥፋተኛ የሆኑ መስሏቸው ነበር። ለሳቸው ማለት የነበረብኝን ሳልላቸው አረፉ፣ ይሄ ከንግዲህ አይስተካከልም።

«ጋቢው የት ደረሰ?» አልኩ፣ ለምን እንደጠየቅኩ አላውቅም።

እህቱ ናት የመለሰችልኝ፣ አቦሉን እየቀዳች። «አለቀ እኮ። ልጆቼ ሁሉ ታዘሉበት። የሱ ልጅም ስትወለድ በሱ ነው የተጠቀለለችው፣ እማዬ ናት ያወጣችው።»

ያቺ አባ ኮዳ እያየች የምትስቀዋ ልጅ።

አቦሉን ጠጣን፣ ቶናውን ጠጣን። ስለ ልጆቹ ትምህርት አወራን፣ ስለ አባቴ ጤና ጠየቀኝ፣ በዚህ ጊዜ ሰላምታው መደበቂያ አልነበረም። እሱ ቀድሞ ተነሳ፣ ልጁን በእናቷ በኩል ካለችው አያቷ ቤት ሊያመጣ። በሩ ላይ ዞር ብሎ «ስለመጣሽ እግዜር ይስጥልኝ» አለኝ። እኔ በረካው እስኪወርድ ተቀመጥኩ።

ስወጣ መሽቷል፣ ከሐይቁ በኩል ንፋሱ ተነስቷል። እህቱ እስከ ቆርቆሮ በሩ ሸኘችኝ። ትከሻዬን ነካ አድርጋ አየችኝ።

«ይቺን ስስ ነጠላ ብቻ ነው እንዴ የለበስሽው?» አለችኝ። «ቆይ፣ የምትደርቢው ነገር ላምጣልሽ።»